ኮምጣጤና የሕፃናቱ ሚዛን

ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት «እርስዎ» ይሏታል፣ ዞር ስትል «ኮምጣጤ»። ይህን ካወቀች ቆይታለች፤ ቅር አላላትም። ሰው ከፈራኝ ሥራዬን የሚነካብኝ አይኖርም ብላ ደስ ሳይላትም አልቀረም። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። አግብታ ፈታለች፣ ልጅ የላትም። የእኔ የምትለው ነገር ቢኖር አንዲት ሞጁል ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቷ ለሆስፒታሎች የሕፃናት ክፍል ኮምፒውተር ላይ የሚጫን አፕ ይሠራል። አፑ የቆመው ማዕቀፍ በሚሉት ዝግጁ መሠረት ላይ ሲሆን፣ የተጻፈው ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ ነው። መልኩ ያምራል፣ ከሕፃናቱ ሚዛን ጋር መነጋገር ግን አይሆንለትም። ሚዛኑ ደግሞ የራሱ የቁጥር መስኮት የለውም፤ ሕፃኑ የሚተኛበት ጠፍጣፋ ሰሌዳና አንድ ገመድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአፑ ሥር ሆና ቁጥሩን ከሚዛኑ እየተቀበለች ወደ ላይ የምታቀብል፣ በሌላ ከበድ ባለ ቋንቋ የተጻፈች፣ ሞጁል የሚሏት ትንሽ የፕሮግራም ክፍል ታስፈልጋለች። ሐኪሙ መድኃኒት የሚያዘው በዚያ ቁጥር ነው። ይህችን ሞጁል ኮምጣጤ ብቻዋን ጻፈቻት፤ ሦስት ሆስፒታሎች ውስጥ ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት።

ማዕቀፉ አዲስ ቨርዥን ባወጣ ቁጥር ሞጁሏ በአዲሱ ልክ እንደገና መገንባት አለባት፤ አለዚያ አፑ አልቀበልም ብሎ ይዘጋል። ያንን የምታደርገው ኮምጣጤ ብቻ ናት። እንዴት እንደሚገነባ የጠየቃትን ሁሉ «ማንበብ አትችልም?» ትለዋለች። የሚነበብ ነገር ግን አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት መንጋጋ ጥርሷን ለማስነቀል ሁለት ቀን ቀረች። ጉንጯ አብጦ ስትመለስ ሞጁሏ በአዲሱ ቨርዥን ተገንብታ፣ ሥራው በለስላሳው ስም ተመዝግቦ አገኘችው። «ለስላሳው» የምትለው ከፊት ለፊቷ የሚቀመጠውን ባለሙያ ነው። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው የለም፤ ለዚህም ትጠላዋለች።

«ማን ፈቀደልህ?» አለችው ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«አዲሱ ቨርዥን መጣና አፑ አልከፈት አለ። ለሆስፒታሎቹ ሰኞ መላክ አለበት ስለተባለ ነው።»

«እኔ ሞቻለሁ?»

«ደውዬልዎት ነበር፣ አላነሱም።»

«ጥርሴን እየተነቀልኩ ስልክ ላንሳልህ? የሌባ ዓይነ ደረቅ!»

ሥራ አስኪያጁ ጩኸቱን ሰምቶ ከክፍሉ ወጣ። «እሱ ከቻለበት ምን ችግር አለው? ከእንግዲህማ እሱ ይያዛት፣ አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ» አላት። ማረፍ ምን ማለት እንደሆነ ኮምጣጤ ይገባታል። ሞጁሏን ከተቀማች በዚያ ቢሮ ውስጥ የሚቀራት ወንበሯ ብቻ ነው።

«እሺ፣ ሁሉም ሰው ይሰብሰብና ሥራውን እንየው» አለች።

እዚያ ቤት ሞጁል የሚፈተነው በባለ ሁለት ኪሎ ብረት ነው። ብረቱ ሚዛኑ ላይ ይቀመጣል፣ «መዝን» የሚለው ይጫናል፣ ሁለት ሺህ ግራም ካለ አለፈ ማለት ነው። ሁለተኛ ጊዜ የሚፈትን ሰውም የሚያነሣው ያንኑ ብረት ነው። ሥርዓቱን ያወጣችው ኮምጣጤ ራሷ ናት። ያን ዕለት ግን ሰው ማዋረድ ፈልጋለችና ብረቱ አልበቃትም። «በብረቱማ ማንም ያልፋል» ብላ የለስላሳውን የውኃ ጠርሙስ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ መጣች።

ብረቱን አስቀመጠች። ሁለት ሺህ። ብረቱን አንሥታ ጠርሙሱን አስቀመጠች። ሁለት ሺህ።

«አያችሁ? ግማሽ ሊትር ውኃ ሁለት ኪሎ!» ብላ ጮኸች። «ይሄ ሕፃን ቢሆን መድኃኒቱ አራት እጥፍ ይሰጠው ነበር። ገዳይ ነህ! እኔ ብሆን እጄን እቆርጠው ነበር!»

የለስላሳው ፊት አመድ መሰለ። «ምንድነው ያደረግከው?» አለው ሥራ አስኪያጁ።

«አንድ መስመር አልነካሁም። እሳቸው እንደጻፏት ነው የገነባኋት» አለ። ከዚያ ሚዛኑን ነቀለና ጥግ ካለው ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። እዚያ ያለው ሆስፒታሎቹ ዛሬ የሚሠሩበት፣ ኮምጣጤ በራሷ እጅ የገነባችው የፊተኛው ሞጁል ነው። ብረቱን አስቀመጠ፤ ሁለት ሺህ። ጠርሙሱን አስቀመጠ፤ ሁለት ሺህ። ጠርሙሱን ሳይነካ «መዝን» የሚለውን ደግሞ ተጫነው፤ አምስት መቶ አርባ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ይኸው ነው። ስሕተቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። ሞጁሏ አፑ ሲከፈት አንዴ በትክክል ትመዝናለች፤ ከዚያ በኋላ ግን አዲሱ ቁጥር ከሚዛኑ እስኪደርስ አትጠብቅም፣ የቀደመውን ታቀብላለች። ያንኑ ብረት መላልሶ ለሚመዝን ሰው የቀደመውም ያው ሁለት ሺህ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ግን የቀደመው ቁጥር የሌላ ሕፃን ነው። አራስ ሕፃናት ደግሞ ክብደታቸው ስለሚቀራረብ በዓይን የሚለየው የለም።

ኮምጣጤ ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች።

ከሦስቱ ሆስፒታሎች በአንዱ የሕፃናት ክፍል ዋና ነርሷ ታላቅ እህቷ ናት። እናታችንን ማን ይጡር በሚል ከተጣሉ ወዲህ የሚነጋገሩት ለለቅሶ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም... እንጃ። ሚዛኑ ነው» አለችና እየተንተባተበች ነገረቻት።

«ዛሬ ነው የነቃሽው?» አለች እህቷ። «እኛ እኮ እያንዳንዱን ሕፃን ሁለት ጊዜ ነው የምንመዝነው። ፊተኛውን ትተን የኋለኛውን እንጽፋለን። ሚዛኑ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደርሰንበታል።»

ኮምጣጤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ፈጣሪዋን ማመስገን ሲገባት አመሏ ቀደማት። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም? ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«ነግረንሻል። አንዷ ነርስ ደውላልሽ ነበር። ‹የተበላሸው ሚዛኑ ሳይሆን ጭንቅላትሽ ነው፤ አንዴ ተጫኝው ካልኩሽ አንዴ ተጫኝው› ብለሽ ዘጋሽባት። ዕቃ ክፍል ገብታ ስታለቅስ ነው ያገኘኋት። ከዚያ ወዲህ አንቺ ጋ የሚደውል ሰው ጠፋ፤ እኔም አልደወልኩም።»

ኮምጣጤ ልጅቷን ለማስታወስ ሞከረች። እንዲያ እያለች ስልክ የዘጋችባቸው ብዙ ናቸውና የትኛዋ እንደሆነች አልመጣላትም። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባላል፤ የሰበረው ሁልጊዜ አያስታውስም።

«ሌሎቹ ሆስፒታሎችስ? ደግመው ይመዝናሉ?»

«እኔ በምን አውቄ! ደውለሽ ጠይቂያቸው» ብላ እህቷ ዘጋችው።

የሁለተኛውን ሆስፒታል ቁጥር ደወለች። ያነሣችው ድምፀ ቀጭን ነርስ ናት። ኮምጣጤ ማን እንደሆነችና ከየት እንደምትደውል ስትነግራት ልጅቷ እጇን ስልኩ ላይ ጭና ለሌላ ሰው ስታንሾካሹክ ተሰማ።

«ምን አጥፍተን ነው?» አለች ተመልሳ።

«ምንም አላጠፋችሁም» አለች ኮምጣጤ። ቀስ ብላ ለመናገር ፈለገች፤ ድምፅዋ ግን ያንን አልለመደም። «ሕፃናቱን ስንት ጊዜ ነው የምትመዝኑት? እውነቱን ንገሪኝ።»

«እውነቴን ነው፣ አንዴ ብቻ ነው» አለች ልጅቷ ተጣድፋ። «ያኔ ስንደውል እርስዎ ‹አንዴ ብቻ› ብለው ከተቆጡን በኋላ ደግመን መዝነን አናውቅም።»