ሁለት አንድ ዓይነት ሱቅ የማይገባበት ሕንፃ

አምቦ መሃል ሕንፃ የሠሩት ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ «ተከራይ ምረጥልኝ» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ አስተምር የለ! «ሁለት አንድ ዓይነት ሱቅ አይገባም» ብዬ ዳቦ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት፣ ልብስ ሰፊና አንድ የሞባይል ሱቅ አስገባሁ።

የሞባይሉ ሱቅ ገበያው ደራለት። በወሩ ብሄድ መጻሕፍት ቤቱ መዝገበ ቃላቱን ገፋ አድርጎ የስልክ ሽፋን ደርድሯል። ልብስ ሰፊውም እንደዚያው። ዳቦ ቤት ገባሁ።

«ዳቦ አለ?»

«አልቋል፤ ቻርጀር ልስጥህ?»

በንዴት ኦቦ ቶሎሳ ቢሮ ወጣሁ። «ይህን ጉድ አይተዋል? ሁሉም ሞባይል ቤት ሆነ እኮ!» አልኩ ስልኬን እያወዛወዝኩ።

በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ስልኬን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና መሳቢያቸውን ሳቡ።

«ታኢ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «ቁጭ በል ልጄ። ሽፋኑ ጥቁር ይሁንልህ ሰማያዊ?»