የመጽሐፍ ጠጋኟ ወርኃዊ ቁጣ

እትዬ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ከምድር ቤት የምትወጣው በአንድ እጇ የሙጫ ቆርቆሮ፣ በሌላው የተጠቀለለ ሰፊ ወረቀት ይዛ ነው። ከቤተ መጻሕፍታችን የውጭ በር ላይ ያለፈውን ወር ወረቀት በቢላ ፍቃ አዲሱን ትለጥፋለች። የምትለጥፈው መጽሐፍ በምትጠግንበት ሙጫ ስለሆነ፣ ሊገነጥለው የሞከረ ሰው የተሰበረ ጥፍሩን ይዞ ይሄዳል። ርዕሱ ለአሥራ አንድ ዓመት አልተለወጠም፤ «በዚህ ወር አንብቤና አይቼ የወደድኳቸው» ይላል። ከርዕሱ በታች ያለው ግን ከላይ እስከ ታች ቁጣ ነው።

ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። በሆዴ ግን ሁልጊዜ አንቺ ነበረች፣ በተለይ ስናደድባት። ይህንንም የምጽፈው ተናድጄ ስለሆነ በሆዴ እንደምጠራት እቀጥላለሁ።

እኔ የላይኛው ፎቅ ሰው ነኝ፤ መጽሐፍ የማውስ፣ ካርዱ ላይ የቀኑን ማህተም የምመታ። እሷ የታችኛው ናት። ጀርባው የተገነጠለ፣ ገጹ የረገፈ፣ ዝናብ የመታው፣ ሕፃን የሞነጫጨረው መጽሐፍ ሁሉ ወደ እሷ ይወርዳል። ክፍሏ መስኮት ቢኖረውም ከመንገዱ እኩል ስለሆነ የሚታየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ወስፌ፣ መርፌ፣ ሰም የተቀባ ክርና መቁረጫ ቢላዋ አለ፤ ጥግ ላይ እጀታው የሚዞር የብረት መጭመቂያ። አንዱ መጽሐፍ ሙጫው እስኪደርቅ መጭመቂያው ውስጥ ሲውል፣ የሌላውን ገጾች ከመስፋቷ በፊት ቅደም ተከተላቸውን ማየት አለባት። ቅደም ተከተል ለማየት የጀመረችው ማንበብ በዚያው አመል ሆነ። እዚያው እያነበበች እዚያው ስለምትሰፋ፣ ካርዱ ላይ ማህተም አስመትታ አታውቅም።

ስትጽፍ ማንንም አትምርም። ስለ አንድ መርከበኛ የተጻፈ መጽሐፍ እንዲህ ብላ ነበር፦ «ወደድኩት። ጸሐፊውን ባገኘው ግን መጭመቂያው ውስጥ ከትቼ እጀታውን አዞርበት ነበር። ሰውየው ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሚስቱን ሲያስብ ኖሮ፣ ወደብ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሮጠው ፀጉር ቤት ነው። ደግነቱ ሲወጣ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።» ስለ አንድ ፊልም ደግሞ፦ «ጥሩ ፊልም ነው። ነገር ግን ሐኪም ነኝ የምትለዋ ሴትዮ በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እጇን አልታጠበችም።» ከዚያ ታሪኩን አንድ በአንድ ትተርካለች፤ ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ፣ ማን ማንን አገባ፣ ምንም አታስቀርም።

ሰው ወረቀቱን ይወደው ነበር። ጡረተኞች፣ ከአዳር ሥራ የወጡ ነርሶች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ በሩ ላይ ተሰብስበው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እያንጋጠጡ ያነባሉ፣ ይስቃሉ፣ ይበሳጫሉ፣ ይሄዳሉ። እኔም ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ስንት አንባቢ አለን እያልኩ እኮራ ነበር። ሞኝነቴ አሁን ሲታየኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

እትዬ የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህትየው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ እትዬን ያሳደገቻትም ያስተማረቻትም እሷ ናት። ዓይኗ ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። እትዬ ከሥራ ስትገባ የቀኑን መጽሐፍ ትተርክላታለች፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክንዷን ይዛ ሲኒማ ቤት ትወስዳታለች። ፊልሞቹ በባዕድ ቋንቋ ስለሆኑ እትዬ ከስር የሚጻፈውን እያነበበች በጆሮዋ ታንሾካሹክላታለች። ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ኧረ እባካችሁ» ካለ፣ የሚሰጠው መልስ ከፊልሙ ድምፅ ይበልጣል። እህትየው የማትወደው አንድ ነገር ቢኖር መጨረሻው ያልታወቀ ወሬ ነው፤ እትዬም አፏ ላይ ሆነ ወረቀቷ ላይ ሳትጨርስ አትተውም።

ባለፈው ዓመት የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ እሳት ጎርሶ መጣ። ገና ፊልሙ በታየ በሦስተኛው ቀን እርስዎ በር ላይ ይዘረግፉታል፣ ሰው እዚህ ቆሞ በነፃ አይቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ወንበሬ ባዶ ሆነ ብሎ ጮኸባት። እሷ ወንበርህን ትኋን ስለወረሰው ነው አለችው። ሊወጣ ሲል ዞሮ፣ «ደግሞ የጻፉት መጨረሻ የፊልሙ መጨረሻ አይደለም» አላት። እሷ ፊልም እያሳየህ የምትተኛ ሰው ነህ ማለት ነው አለችና ሁላችንም ሳቅንበት። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

አዲሱ ኃላፊ ሲመጣ ነገሩ ከረረ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ጮኾ አያውቅም፤ ያ ደግሞ ይብስ ያናድዳል። መደርደሪያው ስለሞላ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ካርዳቸው ላይ አንድም ማህተም ያላረፈባቸው መጻሕፍት በወሩ መጨረሻ ሊፈጩ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ይሄዳሉ አለ። ዝርዝሩን እንዳወጣ ያዘዘኝ እኔን ነው። ሃምሳ ሰባት ሆኑ። ፋብሪካው ወፍራም ሽፋን ስለማይቀበል፣ እትዬ ሽፋናቸውን እየገፈፈች እንድታዘጋጅ ተባለ። ዝርዝሩን ይዤ የወረድኩትም እኔው ነኝ።

ቆማ አነበበችው። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም እሷ የሰፋቻቸው፣ እሷ በር ላይ የጻፈችላቸው ነበሩ። ደሟ ፈልቶ ወደ ላይ ወጣች። ለኃላፊው የሰማችውንና ያልሰማችውን ስድብ ሁሉ ደረደረችለት፤ እሱ ካርዱን እያሳየ፣ ማንም እንዳላነበባቸው በትሕትና ነገራት። ዞራ እኔን ያዘችኝ። ጠረጴዛው ላይ ተኝተህ ነው ወይ፣ ማህተምህ ቀለም የለውም ወይ፣ ያ ሁሉ ሰው በየወሩ በሩን እየዘጋ ሲያነብ አንተ ምን ትሠራ ነበር እያለች መጽሐፍ ሊዋስ በመጣው ሰው ሁሉ ፊት አዋረደችኝ። ቆሽቴ አረረ።

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አልኳት። «ሰው በሩ ላይ እርስዎን አንብቦ ይሄዳል። መጽሐፉን ለምን ብሎ ይዋሰው? እርስዎ ጨርሰው ነግረውታል።»

 ዝርዝሩን አጣጥፋ ወረደች። ሦስት ቀን ሙሉ የመጭመቂያው ድምፅ አልተሰማም። ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ እነሣለሁ፣ እውነት ተናግሬ ነው ወይ ይቅርታ የምለው ብዬ እቀመጣለሁ። በመጨረሻ ወርጄ፣ ሃምሳ ሰባቱም ላይ የተለያየ ቀን መትቼ እንደምገላግላት ነገርኳት። ያን ጊዜ ነው የባሰባት። ማንም ሳያነበው ማህተም ያረፈበትን መጽሐፍ እኔ ራሴ እቀደዋለሁ ብላ ከክፍሏ አባረረችኝ።

በማግስቱ፣ ሰኞም ሳይሆን፣ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ሰባት መጻሕፍት ነበሩበት፤ ሁሉም መሐል ላይ ተቋርጠዋል። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ሴትዮዋ ደብዳቤውን ከፈተችው። ምን እንደሚል እኔ አውቃለሁ፣ እናንተ አታውቁም። ሁለተኛው መደርደሪያ፣ ሦስተኛው ረድፍ።» በሦስት በሦስት ቀኑ አዲስ ይለጠፍ ጀመር፤ ስድቡ እንዳለ፣ መጨረሻው ግን የለም።

ጉድ ፈላ። ለአሥራ አንድ ዓመት በር ላይ በነፃ የጠገበ ሰው ሁሉ እየተቆጣ ወደ ውስጥ ገባ። አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር ጠረጴዛዬን በመዳፉ እየደበደበ፣ ልጅቷ ባቡሩ ላይ ትደርሳለች ወይስ አትደርስም ብሎ አፋጠጠኝ። አላውቅም አልኩት። «አሥራ አራት ዓመት እዚህ ተጎልተህ አታውቅም?» አለኝ።  እውነቱን ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ከዚያ ቤት አንድ መጽሐፍ ጨርሼ አላውቅም። እኔም የማነበው በሩን ነበር። ሾፌሩ እየተራገመ መጽሐፉን ወሰደ፣ ማህተሙንም ከኀፍረት የተነሣ ጠማማ መታሁት።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሃምሳ አንዱ በውሰት ወጡ። ከቀሩት ስድስት፣ ለአምስቱ እትዬም አልተከራከረችም፤ ጊዜው ያለፈበት የባቡር ሰዓት ማውጫና የመሳሰለው ነው። ስድስተኛው ግን ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ነበር። ከወንድሙ ጋር ስለተጣላ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ይተርካል። ወንድሙ እዚህ ውኃ የለም ይለዋል፣ እሱ እልህ ይዞት ሃያ ዓመት ይቆፍራል፣ በመጨረሻ ጥልቁ ውስጥ መሰላሉ ይሰበርበታል። የሌሎቹን መጨረሻ ሰው ከዓመታት ብዛት ረስቶታል፤ ይህን ታሪክ ግን በር ላይ ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ጽፋው ስለነበር ደንበኛ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ወንድሙ ገመድ ይዞ መጥቶ ይጥልለታል፣ ስቦ ያወጣዋል፣ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። እኔ ራሴ ለልጆቼ አውርቻቸዋለሁ። አሁን መሐል ላይ ብትቆርጠው ማን ሊሸወድላት?

የፋብሪካው መኪና ሊመጣ በነበረበት ጠዋት ወረድኩ። አምስቱ ሽፋናቸው ተገፎ ተደርድረዋል። የቆፋሪው መጽሐፍ ፊቷ ላይ ነው፣ ቢላዋው አጠገቡ፤ አልነካችውም። ለምን ራሷ አትዋሰውም አልኳት። እኔ መቶ ጊዜ ያነበብኩትን እኔው ብዋሰው ለማን ነው አለች። እኔ ልዋሰው አልኩ፣ በራሴ ስም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማህተሙን ከመታህ ታነበዋለህ» አለችኝ። «እስከ መጨረሻዋ ገጽ።»

ማልኩላት። ቅዳሜና እሑድ መስኮት ሥር ተቀምጬ አነበብኩት። ባለቤቴ ደህና ነህ ወይ እያለች ሳቀችብኝ። መሰላሉ ተሰበረ። ወንድምየው ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ፣ አፋፉ ላይ ቆመ። ቆፋሪው የእግር ኮቴ ሰምቶ በስሙ ጠራው። ወንድምየው ለጥቂት ጊዜ ወደ ታች አየ፤ ከዚያ ገመዱን እንደያዘ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አለቀ። የወደቀ ገጽ ይኖራል ብዬ ስፌቱን መረመርኩ፤ የእትዬ ስፌት ነው፣ ንቅንቅ አይልም። የገጽ ቁጥሩም ሙሉ ነው። ተቆጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ወርጄ መጽሐፉን ጠረጴዛዋ ላይ ወረወርኩት።

«ወንድሙ ገመዱን አልጣለለትም» አልኩ።

«አልጣለለትም» አለች፤ ክሯን በመርፌው ቀዳዳ እያስገባች ነበር።

ለልጆቼ እንዳወራሁ፣ ያ ሁሉ ሰው እንዳመናት፣ ውሸታም እንዳደረገችኝ ነገርኳት። ስጨርስ መርፌውን አስቀመጠች።

«እህቴ ዓይኗን የጨረሰችው እኔን ስታስተምር ነው» አለች። «ቤት ገብቼ፣ ወንድሙ ጥሎት ሄደ ብዬ እሷን ልንገራት? ከደፈረ ጸሐፊው ራሱ መጥቶ ይንገራት። በሩ ላይ እውነተኛውን መጨረሻ ብጽፍ ደግሞ አንዱ ጎረቤት ሄዶ ያወራላታል።»

የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ትዝ አለኝ፤ በሩን ከፍቼ ያስወጣሁት። ለአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አይደለም ብሎ የመጣ እሱ ብቻ ነበር፣ ሌላው ማን ከፍቶ አይቶት!

«ስንቱን ነው የቀየሩት?» አልኳት።

«የተናደድኩበትን ሁሉ» አለች።

ወደ ላይ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ያልተናደደችበት አንድ እንኳ ፈልጌ አጣሁ። ከመጀመሪያው መደርደሪያ የመርከበኛውን መጽሐፍ አወጣሁና ካርዱ ላይ በራሴ ስም ማህተም መታሁ። ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሚስቱ ቆማ ስለመጠበቋ፣ ራሴ አንብቤ ሳልጨርስ ከእንግዲህ ማንንም አላምንም።