ኦቦ አበራ "ጋሪ" ያሉ ዕለት

የዓለም ገና ከተማን ታፔላ ግማሹን የጻፈችው ብርቅዬ ናት። ልጇን እንቅልፍ ሲወስዳት ደግሞ አቡጀዲ ወጥራ የሰፈሯን ሰው ትሥላለች፦ ባጃጅ ተራ አስከባሪውን፣ ሽንኩርት ሻጯን፣ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮ ስር የሚታጨቀውን የታክሲ ሰልፈኛ።

ከሁሉ የወደደችው የጎረቤቷን የኦቦ አበራን ሥዕል ነው። ሽማግሌው ባጃጅ መንገዱን ከሞላውም ወዲህ ፈረሳቸውንና ጋሪያቸውን አልሸጡም፤ ውስጥ ለውስጥ ብሎኬትና ሣር ያመላልሳሉ። ብርቅዬ በመስኮቷ እያየች፣ ከነፈረስ ጋሪያቸው ሳታስፈቅድ ሣለቻቸው። አዲስ አበባ የሚከፈት ዐውደ ርእይ ሥዕሉን ሲመርጥላት፣ የመጀመሪያዋ ነውና ደስታው አላስቀምጥ አላት። ወዲያው ግን ጭንቀት ያዛት። ሰውዬው እንቢ ካሉስ? የሰው ፊት ነው፤ ሳይፈቅዱ ሥዕሉ ከቤት ንቅንቅ አይልም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጇን አዝላ፣ ሥዕሉን በአንሶላ ሸፍና በራቸው ላይ ቆመች።

"አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ አበራ? እንዴት አደሩ?"

"ነጋ፣ ነጋ፤ ሰላም ነው። ግቢ ልጄ። ምንድነው የሸፈንሽው?"

"እርስዎን ነው። አይቆጡኝም?"

ገለጠችው። ኦቦ አበራ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ፤ ራቅ ብለውም አዩ። ከዚያ "ጋሪ" አሉ።

ብርቅዬ አንሶላውን አነሣች። ወር ሙሉ የደከመችበት ፊት፣ ያ ልጓም የያዘ እጅ አልታያቸውም፤ የታያቸው ጋሪው ብቻ ነው ማለት ነው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብላ ሸፍና ወጣች። ሥዕሉን ለዐውደ ርእዩ እንደማትሰጥ ደውላ ልትናገር ስልኳን ስታወጣ፣ የሽማግሌው ልጅ ዱርሲቱ ደረሰችባት።

"ምን ሆነሽ ነው እብስ ያልሽው? አባዬ ግራ ገብቷቸዋል።"

"ጋሪ አሉኝ እኮ።"

"ታዲያ ጋሪ ነዋ።" ዱርሲቱ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። "እዚህ ተወልደሽ አድገሽ? ጥሩ ነው እኮ ነው ያሉሽ፣ በኦሮምኛ።"

ብርቅዬ ቃሉን ታውቀዋለች፤ ገበያ ላይ በቀን ስንቴ ትለዋለች። ሥዕሉ ላይ ጋሪ ተገትሮ ግን ጆሮዋ አማርኛውን ብቻ ሰማ።

አንገቷን ደፍታ ተመለሰችና ሥዕሉን አዲስ አበባ ለዐውደ ርእይ እንድትወስደው ፈቃዳቸውን ጠየቀች።

"ይሂድ" አሉ ኦቦ አበራ። "ስሩ ግን ምን ብለሽ ነው የምትጽፊው?"

"ጋሪ ነጂው።"

"የከተማ ሰው ጋሪ ነጂ አያውቅም እንዴ? እኔ ስም አለኝ። አበራ ዱጉማ። ፈረሱም ዳማ ይባላል።"

ብርቅዬ ከፀጉሯ ውስጥ እርሳስ መዛ፣ አቡጀዲው ጀርባ ላይ የሁለቱንም ስም ጻፈች።