ልብስ የተሰጣበት የአውሮፕላን ሜዳ

አሁን አሰላ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ «አውሮፕላን በቅርብ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ሲሉኝ፣ «አይቼ ብቻ? አባርሬም አውቃለሁ!» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

ባደግኩባት በጢቾ አውሮፕላን የሚያርፈው ከብት በሚግጥበት ሜዳ ነው። በክረምት ጭቃው መኪና አያሳልፍም፤ አዲስ አበባ ለመድረስ ያለው መንገድ የሰማዩ ብቻ ነው፤ እሱም ሜዳው ከጠነከረ። መሬቱ ከላቆጠ የሜዳው ዘበኛ ሁለት ጣቃ ነጭ አቡጀዲ በመስቀል ቅርጽ ይዘረጋል። አብራሪው ከላይ ነጩን ሲያይ «አትውረድ» ማለት መሆኑን ያውቃል፤ ዞሮ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ የጢቾ ልጅ የለም። እኔም አውቅ ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው።

በዚያ ክረምት እህል የጫነች በቅሎ ተንሸራታ አባቴ እግር ላይ ወደቀችበት። ቁስሉ አመረቀዘ። የጤና ጣቢያችን ድሬሰር በየቀኑ እያጠበ ያሽገው ነበር፤ አንድ ቀን ግን እናቴን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «በዚህ ሳምንት አዲስ አበባ ካልገቡ እግራቸውን ያጣሉ» አላት። እኔ በሩ ጀርባ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወጥቼ ሰማዩን አይ ጀመር። አምስት ቀን ዘነበ።

በስድስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ዘበኛው ሜዳውን በባዶ እግሩ እየረገጠ ሞከረውና አቡጀዲውን ጠቀለለ። የስልክ ቤቱ ስልከኛም «አውሮፕላኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል» የሚል ወሬ አመጣ።

እኔን ደግሞ የአባቴ ጋቢ አሳፈረኝ። የቁስሉ ሽታ ገብቶበት ነበር፤ የአዲስ አበባ ሐኪሞች አፍንጫቸውን ሲይዙ ታየኝ። ማንንም ሳላማክር ወንዝ ወርጄ አጠብኩት። አጥር ላይ ባሰጣው ቶሎ አይደርቅም። የአውሮፕላኑ ሜዳ ግን ሣሩ አጭርና ንጹሕ ነው፣ ነፋስም አለው። ሰዓቱ ሳይደርስ አነሣዋለሁ ብዬ እዚያ ዘረጋሁት።

ለካ የጎረቤት ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነበር! አዲስ ዓመት ደርሷል፣ በየቤቱ ያልታጠበ ልብስ ተከምሯል። «የበሽተኛው ልጅ ራሷ ካሰጣች፣ አውሮፕላኑ ቀርቷል ማለት ነው» ተባባሉ። እኔ ቤት ገብቼ የእናቴን ጓዝ ስሸክፍ፣ ዘበኛው በታችኛው ጫፍ ከብት ሲያባርር፣ ሜዳው በአንሶላና በነጠላ ተሸፈነ።

የሞተሩ ድምፅ የተሰማው አምስት ሰዓት ሳይሞላ ነው። አባቴን በቃሬዛ ወደ ሜዳው ዳር እያደረስነው ነበር። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ መጣ፣ ክንፉን አጋደለ፣ አንዴ ዞረ፣ ሁለተኛም ዞረ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ማረፊያው፣ ወደ ጎባ ሄደ።

«ያ ረቢ! ምነው ሄደ?» አለች ባለሱቋ ጎረቤታችን።

«ምነው ሄደ ትላለች እንዴ!» ዘበኛው ዱላውን እያወዛወዘ መጣ። «እኔ በሁለት ጣቃ ነው አትውረድ የምለው፤ እናንተ የአገሩን ልብስ ሁሉ አንጥፋችሁ ጮኻችሁበት!»

«ልጅቷን አይተን እኮ ነው፣ አባባ!» አለች ባለሱቋ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አባቴ ከቃሬዛው ላይ፣ «ማን ነው ያሰጣው?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ ትራሱን ታስተካክልለት ጀመር። እኔ ከእሷ ጀርባ ተሸሸግኩ።

ተስፋው አንድ ብቻ ነበር፤ ከጎባ ሲመለስ በዚሁ ያልፋል፣ ሜዳው ባዶ ከሆነ ሊወርድ ይችላል። እርጥቡን ልብስ ሁሉ አነሣን። ዘበኛው ግን አልበቃውም።

«የለበሳችሁትንም ነጠላ አውልቁ!»

«ኧረ ሰው ምን ይለናል?»

«ከዚያ ላይ ሆኖ አንቺን ከጊደር አይለይሽም፤ አውልቂ!»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣጥፈው ተቀመጡበት፤ በዚያ በጢቾ ብርድ!

ጠበቅን። ንብ ባለፈች ቁጥር ሞተር ይመስለኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ ከተራራው በኩል ደመና ተሰበሰበ። ድሬሰሩ የአባቴን ግንባር ዳሰሰና ዓይኑን ወደ ደመናው አነሣ።

የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ አውሮፕላኑ ከደመናው ሥር ብቅ አለ። እንደ ቀድሞው ዞረ። ከዚያ ጎማው ሣሩን ነካ፣ ጭቃው ተረጨ፣ ጅራቱ ወረደና ቆመ። እልል ተባለ። እኔ ግን አለቀስኩ።

አባቴን በቡና ጆንያዎች መካከል አስተኙት፤ እናቴ አብራው ገባች። በሩ ሳይዘጋ ሮጥኩና፣ «አባዬ፣ እኔ ነኝ ያሰጣሁት!» አልኩት። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይስማኝ አይስማኝ አላወቅኩም።

ከዚያ በየቀኑ ስልክ ቤቱ ደጃፍ እውል ጀመር። በአራተኛው ቀን ስልከኛው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ወደ እኔ ዞረ።

«እግሩ አልተቆረጠም» አለኝ።

«አልተቆረጠም?»

«አልተቆረጠም አልኩሽ!»

«ሁለቱም አለ?»

«አንቺ ልጅ፣ ስንት እግር ነበረው?» ብሎ ጮኸብኝ።

ወደ ቤት በረርኩ።