የአያ ታከለ የጠመንጃ ኢንሹራንስ

ጎንደር ከተማ ውስጥ ጠበቃ ነኝ። አንድ ቀን አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ከመካነ ብርሃን ድረስ ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ አንቺን ጠበቃ ላቆም ነው የመጣሁት።»

«በምን ተከሰው ነው፣ አያ ታከለ?»

«ኧረ ገና አልተከሰስኩም! በጥር ልጄን እድራለሁ። ሙሽራው ሲገባ ጠመንጃዬን መተኮሴ አይቀርም፤ ተኩስ ደግሞ ተከልክሏል።»

«እንግዲያው አይተኩሱ!»

«ምነው? ሰርግ እኮ ነው! ማኪና ሳይጋጭ ኢንሹራንስ ይገባለት የለም? የእኔም ነገር እንደዚያው ነው።»

ለጠመንጃ እንዲህ ያለ ኢንሹራንስ እኛ ዘንድ እንደሌለ፣ አውቆ ማጥፋት ደግሞ ነገሩን እንደሚያከፋባቸው እስኪደክመኝ አስረዳኋቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ለሰርጉ ጠርተውኝ ሄዱ።

በጥር ሄድኩላቸው። ዳሱ ውስጥ ከቄሶቹ አጠገብ አስቀመጡኝ። ሙሽራው በእልልታ ሲገባ አንድም ሰው አልተኮሰም። ምክሬን ሰሙ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ አያ ታከለ በሰው መሃል እየተጋፉ መጡና ጠመንጃቸውን እጄ ላይ አኖሩት።

«በይ ተኩሺ፣ ልጄ። አንቺ እንደሁ ብትከሰሺም ለራስሽ ትከራከሪያለሽ።»