የቃል ቆጣሪው ትልቁ ቃል

ሚስቱማ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ከገባች ሰነበተች፤ የነቃው እሱ ነው እንጂ ዘግይቶ፣ ቃል ቆጣሪው! ሥራው እኮ ይኸው ነው፤ የሰው ጽሑፍ ተቀብሎ ኢንተርኔት ላይ ቃሉን ያስጨፍረዋል። ደጋግሞ የተባለው ይገዝፋል፣ አንዴ የተባለው ሰሊጥ ያክላል፣ በጣት ነካ ስታደርጊው የተባለበት ሁሉ ዝርግፍ ይላል። ለጋዜጣውም ለባንኩም ሠርቷል። ለሚስቱ ግን ጊዜ ከየት ይምጣ!

ልመለስ ወይስ ልፋታ እያለች ስታመነታ፣ በስልክ የላከችለትን መልእክት ሁሉ እዚያ ገጽ ውስጥ ከተተው። "ፍቅራችንን በዓይኗ ትየው" ብሎ። መጀመሪያ የሞከረው በተዋወቁበት ዓመት መልእክት ብቻ ነበር፤ "ናፍቀኸኛል" ዝሆን አክሎ ወጣ። ደስ አለው። የቀረውን ዓመት ሁሉ ጨመረበትና መልሶ ሳያይ ላፕቶፑን ታቅፎ አማቱ ቤት ከተፍ አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሳሎን ተቀመጡ። አማቲቱ መነጽራቸውን አጠለቁ። ከፈተው። ቃላቱ እንደ ምስጥ ተርመሰመሱ፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ አበጠ፣ አበጠ፣ ስክሪኑን ሞላው። "መቼ"።

"ናፍቀኸኛል የሚለው... ወደ ጥግ ነው ያለው" አለ፣ በጣቱ ጥጉን እያሳየ።

ሚስቱ ትልቁን ነካችው። ተዘረገፈ! መቼ ትመጣለህ? ራት መቼ ላቅርብ? ሐኪም ቤት መቼ ነው የምትወስደኝ? ማለቂያ የለው። ሊከድነው እጁን ሲሰድ፣

"ተወው፣ ልየው" አለችው።

"የአንተ መልስ የት ገባ፣ ልጄ?" አሉ አማቲቱ።

"የሷን ብቻ ነው ያስገባሁት፣ እማማ።"

"ልክ ነህ። የሌለ ነገር ከየት ይገባል?"

ሚስቱ ግን አልጮኸች፣ አልተሳደበች። "ጎበዝ ነህ፤ ቆንጆ አድርገህ ሠርተኸዋል" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ከዚያ እሱ ሥራ ላይ እያለ መጥታ ልብሷን ጠራርጋ ወሰደች። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፋለች፤ "ዕቃዬን ወስጃለሁ። ቁልፉ ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው።"

ከፎቁ ሥር ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ነው ያየችው። በጣቱ "ወስጃለሁ" የሚለውን ቃል እንደ ስክሪኑ ነካ ያደርግና ይጠብቃል። ደግሞ ነካ ያደርጋል፣ ደግሞ ይጠብቃል።

"ምን ሆነህ ነው?" ስትለው ክው አለ።

"ምንም... ሙጫው ይዞ እንደሆነ እያየሁ ነው" አላት።