ጀርም ለሚያራባ ልጅ አይሰጥም

ሽማግሌ የላከብኝ ልጅ ከእኔ ጋር በአንድ ላብራቶሪ ማስተርሱን ይሠራ ነበር። ሥራችን ባክቴሪያ ማራባት ነው። ፕላስሚድ የምትባል ቁራጭ ዲ ኤን ኤ እናስገባበትና መረቅ ውስጥ እናሳድረዋለን፤ እሱ ሲራባ እሷም አብራው ትባዛለች። ጠዋት እሱን አፈንድተን እሷን እናወጣለን። ውለታ ቢስ ሥራ ነው።

ጅጋ ገጠር ለሚኖረው አባቴ ግን "ሕክምና ቢጤ ነው የምማረው" ብዬው ነበር። ምን ላድርግ? አባቴ ሞዴል አርሶ አደር ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ "ጀርም ጠላታችሁ ነው" ስትል ከቀበሌው ሁሉ ቀድሞ ሽንት ቤት የቆፈረ ሰው። ስለዚህ ልጁን "ሽማግሌዎችህ ተማሪ ነው ብለው ይለፉ" ብዬ አስጠነቀቅኩት።

ችግሩ፣ አፈ ጉባኤያቸው ፈረስ ቤት ከሚባለው አገር የመጡት ቄስ አጎቱ ነበሩ። መዋሸት አይሆንላቸውም፤ ዝም ማለት ደግሞ ከመዋሸት ይብስባቸዋል።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት እኔ በወጉ መሠረት ምንም እንደማያውቅ ሰው ጓዳ ተደብቄ አዳምጣለሁ።

"ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" አለ አባቴ።

"ያረባል" አሉ ቄሱ ደረታቸውን ነፍተው። "ባንድ አዳር የሚወለድለት ስፍር ቁጥር የለውም!"

"በግ ነው ፍየል?"

"ጀርም።"

አባቴ ከመደቡ ሲነሣ ተሰማኝ።

"ይቅር ይበሉኝ አባ። አገር ምድሩ ጀርም ላጥፋ ብሎ ጉድጓድ ሲምስ ይከርማል፤ የእርስዎ የወንድም ልጅ ቀልቦ ያሳድራል? ልጄን አልሰጥም!"

"ኧረ የእሱስ ጨዋ ጀርም ነው፤ ሰው አይነካም ብሎኛል" አሉ ቄሱ።

ልጁን እወደው ነበር፤ በጣም። ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ወጣሁ። ሽማግሌ ፊት እንዲህ የምትወጣ ልጅ ዓይን አውጣ ትባላለች፤ ተባልኩም።

"አባዬ፣ እኔም የማራባው ይኸንኑ ነው።"

አባቴ እጄን ትክ ብሎ አየው። "ትናንት ያጎረስሽኝ በዚህ እጅሽ ነው?"

"ታጥቤ ነው።"

"አንችንስ? አያምሽም? አያስልሽም?" ድምፁ ተሰበረ። ቁጣው ሁሉ ፍርሃት እንደነበረ ያኔ ገባኝና አፈርኩ።

"ደህና ነኝ አባዬ። ምንም አያደርገኝም።"

ወደ ቄሱ ዞረ። "ልጁስ ይታጠባል?"

"እኔ ለቅዳሴ ስገባ እንኳ እንደሱ አልታጠብም!"

አባቴ መደቡ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። "እንግዲያው ይውሰዳት" አለ፤ "ብቻ ሳይታጠብ እንዳይነካት።"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። እኔ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።